ተማሪዎቼን ኖት መያዝ ያስተማርኩበት መንገድ

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የማስተምረው በአካቶ ክፍል ነው፤ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳናት፣ ዓይናቸው የደከመ፣ እጃቸው ለጽሕፈት የሚዘገይ ተማሪዎች ከሌሎቹ ጋር አብረው ይማራሉ። እኛ ዘንድ ኖት መስጠት ማለት መምህሩ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ተማሪው መገልበጡ ነው። ሰሌዳው ለማይታየው ልጅ ይህ ልማድ ምንም እንደማይጠቅመው ግልጽ ነው። ለሚታየውም ቢሆን ከመጽሐፉ እንግሊዝኛ ወደ ደብተሩ እንግሊዝኛ ከማሻገር ብዙም አያልፍም።

መስማት የተሳናት ተማሪዬ ችግር ደግሞ የተለየ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህሯ በምልክት ቋንቋ ስታስተረጉምላት የተማሪዋ ዓይን ከመምህሯ እጆች መነቀል የለበትም። ደብተሯን ካየች ምልክቱ ያመልጣታል፤ ምልክቱን ካየች ደብተሯ ባዶ ይቀራል። እኔ እየተናገርኩ እንድትጽፍ መጠበቅ የማይቻል ነገር መጠበቅ ነው። ስለዚህ መስማትንና መጻፍን ለያየኋቸው። የተወሰነ ደቂቃ አስረዳለሁ፤ ያኔ ማንም እስክሪብቶ አይዝም። ከዚያ ዝም እላለሁ፤ ሁሉም ይጽፋል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህን ሦስት አራት ጊዜ እደጋግማለሁ። ዝምታው ከእነሱ ይልቅ ለእኔ ከበደኝ፤ በመስኮት ለሚያይ ሰው ዝም ያለ መምህር ሥራ የፈታ ይመስላልና። ተማሪዎቹም መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋቡ። «መምህር፣ ዛሬ ኖት የለም እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ለአጻጻፉ ዋልተር ፓውክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን ዘዴ ተጠቀምኩ። ገጹ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰፊው የቀኝ ዓምድ ለማስታወሻ፣ ጠባቡ የግራ ዓምድ ለጥያቄ፣ ግርጌው ለማጠቃለያ ይሆናል። የግራውን ጥያቄ በአማርኛ እንዲጽፉ ፈቀድኩ፤ በራሱ ቋንቋ መጠየቅ ያልቻለ ተማሪ በእንግሊዝኛ አይመልስም።

የሰገሌን ጦርነት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አጽሙን ብቻ ነበር፦ «ምክንያት … ማን ከማን … መቼ … ውጤት …»። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን መውረዳቸውን፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ መዝመታቸውን፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ሆነው መማረካቸውን በቃል አስረዳሁ፤ ክፍት ቦታውን እነሱ ሞሉ። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤልን ማስተማር የራሱ ጣጣ አለው። ንጉሡ እዚሁ ደሴ ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽን እያየ ያደገ ልጅ ሁሉ ከአያቱ የሰማውን ካልጻፍኩ ይላል!

ማየት ለተሳነው ተማሪ አጽሙን በዋዜማው ጓደኛው ያነብለታል፤ እሱም በብሬይል፣ በጣት በሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት፣ ያሰፍረዋል። በስሌት (ቀዳዳ ባለው የብሬይል መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በመውጊያው) የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ወረቀቱ ላይ እየወጉ ነው፤ ለማንበብ ወረቀቱ ይገለበጣል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ወፍራሙም ወረቀት እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ልጁ ቃል አያባክንም። አንድ ቀን ማስታወሻውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ጠየቅሁት። «ኢያሱ ወረደ። ሚካኤል ዘመተ። ሰገሌ፣ ተማረከ።» ገጽ ተኩል የሞሉት ሳቁ፤ ወዲያው ግን ደብተራቸውን ማየት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ «ት/ቤት» እና «ም/ቤት» እንደምንለው «ጦ/ት» እያሉ ማሳጠር የክፍሉ ፋሽን ሆነ። ትምህርቱን በስልክ መቅዳትም ሞክረናል፤ ይረዳል፣ ግን 40 ደቂቃውን እንደገና መስማት ይጠይቃል። የት ላይ መፈለግ እንዳለበት የሚነግረው ያቺው አጭር የብሬይል ማስታወሻ ናት።

መስማት ለተሳናት ተማሪ ጓደኛ በካርቦን ወረቀት እንዲገለብጥላት ማድረግን ግን አልመክርም። ስንሞክረው ተማሪዬ ሙሉ ኖት አገኘች፤ በዚያው ራሷ መጻፍ አቆመች። አሁን የጓደኛዋን ቅጂ የምታየው የራሷን ከጨረሰች በኋላ፣ የጎደለውን ለመሙላት ብቻ ነው።

ሁሉም ከልቡ መጻፍ የጀመረው ከተከታታይ ምዘናው አንዱን አጭር ፈተና የራሳቸውን ማስታወሻ እያዩ እንዲሠሩ ስፈቅድ ነው። የተገለበጠ ኖት ይዞ የመጣው ገጽ ሲያገላብጥ ሰዓቱ አለቀበት። የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ግን አልተዋጠለትም፤ በሒሳብ እጅ ካልሠራ ጆሮ ብቻውን አይገባውም ይላል። በዚህ በኩል እውነቱን ነው፤ ዝምታውን ለመሞከር ግን ገና እያግባባሁት ነው።