ሶሻል ወርከር ማለት እርዳታ አዳይ ማለት አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ በዛ ብርድ ቤት ለቤት ስዞር "ዛሬስ ምን ይዘሽልን መጣሽ?" ይሉኛል፣ አይፈረድባቸውም፣ ግን ስራችን ዱቄትና ዘይት ማደል ብቻ አይደለም። ባለፈው አንድ እማማ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማኋቸው፣ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ያቋረጠው ደብተር አጥቶ ሳይሆን እሳቸውን የሚያስታምም ሰው ስለሌለ ነው፣ ይሄ ደግሞ ቁጭ ተብሎ ካልተጠየቀ አይታወቅም፣ ከእድራቸው ጋር ተነጋግረን ጎረቤት በተራ እንዲያያቸው ሆነ ልጁም ተመለሰ። የሶሻል ወርክ ሙያ ፈር ቀዳጅ ሜሪ ሪችመንድ አሜሪካ ውስጥ በ1917 እ.ኤ.አ መጽሐፍ የጻፈችው እኮ ስለዚሁ ነው፣ ሰውን ከነኑሮው ከነዙሪያው ስለማወቅ። እኛ አገር የሶሻል ወርክ ትምህርት በ1959 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ተጀምሮ በደርግ ጊዜ ተዘጋ፣ የተመለሰው በ2004 እ.ኤ.አ በማስተርስ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሸክሙን የተሸከመው እድር ነው፣ ለዛ ነው አዲስ ሰፈር ስገባ መጀመሪያ የእድር ዳኛውን የማናግረው።