ጠርዙ የተሸረፈው ጥብጣብ

በድሬ ሙቀት ቁጭ ብሎ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ማሰብ ራሱ ቀልድ ነው። ሳቢያን ባለችው ክፍሌ ቬንቲሌተሩን ያዞርኩት ወደ ራሴ ሳይሆን ወደ ላፕቶፑ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ከየት ላምጣ? ስለዚህ በፓይተን ሲሙሌሽን ልሞክረው አልኩ፤ አንድ ቀጭን የሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲቀዘቅዝ ከረንትን ያለ ምንም ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ ነገር) ጥብጣብ ከረንት ሲበዛበትና ማግኔት ሲጠጋው መቼ ነው እጅ የሚሰጠው?

የኔዘርላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 (እ.ኤ.አ.) ላይደን ላይ ሜርኩሪን ሲያቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ድንገት ጠፋበት። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከረንትና ማግኔቲክ ፊልድም እንደሚያበላሹት ግን ብዙም አይወራም።

መጀመሪያ ከረንቱን በጥብጣቡ ወርድ እኩል አከፋፈልኩት። ተሳሳትኩ። ቀጭን ጥብጣብ ላይ ከረንቱ ወደ ሁለቱ ጠርዞች ያደላል፣ ልክ በቀትር ከዚራ ላይ ሰው ሁሉ የዛፍ ጥላ ፍለጋ የመንገዱን ዳር ይዞ እንደሚሄደው። ከላይ ከማግኔቱ የሚመጣው ፊልድም የሚበረታው እዚያው ነው፤ በአንዱ ጠርዝ ከረንቱ ራሱ ከሚፈጥረው ፊልድ ጋር ይደመራል፣ በሌላው ይቀነሳል። ከዚያ ፊልዱ በጥቃቅን አዙሪቶች (ከረንት በዙሪያቸው በሚሽከረከር ቀጫጭን የፊልድ ክሮች) ተከፋፍሎ ሰርጎ ይገባል። አዙሪቶቹ ባሉበት ከቆሙ ችግር የለም። ከረንቱ ገፍቶ ካንቀሳቀሳቸው ግን ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ቮልቴጁ ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱ ደግሞ የቀሩትን ይፈታል፣ አለቀ። ለዚህ ነው እውነተኛ ጥብጣብ የሚሠሩ ሰዎች አዙሪቶቹን የሚይዝ ጥቃቅን እንከን ሆን ብለው የሚጨምሩበት።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ሴቭም አላደረግኩም፣ የስድስት ሰዓት ሥራ ገደል ገባ። (አሁን ኮዱ በየአሥር ደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል።) ተናድጄ በችኮላ እንደገና ስሠራው ጥብጣቡ በፊት ይችለው የነበረውን ከረንት እንኳ መቻል አቃተው። ሦስት ቀን ቀመሩን ስጠረጥር ከረምኩ። በመጨረሻ ቁጥሩን ትቼ ስዕሉን ሳወጣው አንዱ ጠርዝ ላይ በስህተት ጥቂት ነጥቦች ሰርዣለሁ፣ ጠርዙ ተሸርፏል፣ አዙሪቶቹም በዚያች ሽራፊ ተሰልፈው ይገባሉ! ከረንቱ ሽራፊዋን ለመዞር እዚያ ጋ ይጨናነቃል፣ በሩን የሚከፍትላቸውም እሱ ነው።

ልጠግነው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፊልዱን ሳልነካ የከረንቱን አቅጣጫ ገለበጥኩት። አዙሪቶቹ አሁን መግባት ያለባቸው በደህናው ጠርዝ በኩል ነበርና ያው ጥብጣብ የበለጠ ከረንት ቻለ። ሽራፊዋን አልጠገንኳትም።