አንድ ብጣሽ ጥጥ፣ ሁለት ፈላስፎች

የምዕራቡንና የእስልምናውን የዕውቀት ፍልስፍና ላወዳድር የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገጹን ለሁለት ይከፍልና በዚህ በኩል «አእምሮ»፣ በዚያ በኩል «እምነት» ብሎ ይገላገላል። እኔ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የሞከርኩት ሌላ ነው፤ አንዲት ጥያቄ መርጬ ሁለት ሰዎችን አፋጠጥኩባት። እሳት ጥጥን ሲነካ ጥጡ የሚቃጠለው የግድ ነው?

የእስልምናው ሊቅ አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 ገደማ ፈላስፎቹን በሞገተበት መጽሐፉ የግድ አይደለም ይላል። ዓይን ያየው እሳቱ ሲነካው ጥጡ መቃጠሉን እንጂ አቃጣዩ እሳቱ መሆኑን አይደለም፤ አድራጊው አላህ ነው። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 የቢሊያርድ ኳሶችን ይዞ እዚያው ደረሰ፤ አንዱ ሌላውን ሲከተል እናያለን፣ የሚያስገድደውን ኃይል ግን አናይም።

መድረሳ የተማሩ አንድ ኡስታዝ አብረውኝ ያነቡ ነበር። ውጭ ቡና እየጠጣን «ኡስታዝ፣ ታዲያ ይሄን ጀበና ያፈላው ከሰሉ አይደለም?» አልኳቸው።

«ያየኸው ከሰሉ መቅላቱን፣ ጀበናው መንተክተኩን ነው። ማን እንዳፈላው መች አየህ?»

ቡና የምትሸጠው ልጅ ቀና ብላ «እኔ ነኝ ያፈላሁት፤ ሒሳብ ላይ እንዳትረሱት» አለች።

ያተረፈልኝ ነገር ቢኖር ቀጥሎ የጠየቅኩት ነው፤ እያንዳንዳቸው ይህን የተናገሩት ማንን ለመርታት ነው? ገዛሊ የሚከራከረው ምክንያትና ውጤት በግድ የተሳሰሩ ናቸው ከሚሉት ሙስሊም ፈላስፎች፣ ከእነ ኢብን ሲና ጋር ነው። ተፈጥሮ በግዴታ ከታሰረ በቁርኣን እሳት ውስጥ የተጣለው ነቢዩ ኢብራሂም ሳይቃጠል እንዴት ወጣ? (ከሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ጋር ላደግነው ጥያቄው ባዕድ አይደለም።) ስለዚህ ጥርጣሬው ለተአምር በር ይከፍታል። ሂዩም ግን እዚያው መጽሐፉ ውስጥ በተአምር ምስክርነት ላይ በሩን ይዘጋል። ለገዛሊ የነገሮችን ሥርዓት የሚያጸናው የአላህ ልማድ ነው፤ ለሂዩም ያለው የእኛው የአእምሮ ልማድ ብቻ ነው።

«ገዛሊ ሳይንስን ገደለ» የሚለውን ወሬም ከዚያ ወዲህ በቀላሉ አልቀበልም። በዚያው መጽሐፉ መግቢያ ላይ የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን ይጎዳል ብሎ ያስጠነቅቃል።

ብርቱው መልስ የመጣለትም ከምዕራብ ሳይሆን ከራሱ ቤት ነው። ያኔ በሙስሊሞች ሥር በነበረችው የስፔኗ ኮርዶባ የተወለደው ሙስሊም ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ (1126–1198) ምክንያትን የካደ አእምሮን ካደ ብሎ ሞገተው። ኡስታዝ እስካሁን ከገዛሊ ጋር ናቸው፤ እኔ ወደ ኢብን ሩሽድ አጋድያለሁ።