የእንጨቱ ማዳመጫ

ዛሬ አንድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀውን የሕክምና ታሪክ ዐውደ ርእይ ሳይ ዋልኩ። ዓይኔ የቀረው ግን አንዲት የእንጨት ቱቦ ላይ ነው። የዛሬው የሐኪም ማዳመጫ ቅድመ አያት! ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 የአንዲት ወጣት ታካሚ ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ አሳፈረውና ወረቀት ጠቀለለ። በጥቅሉ ሲያዳምጥ የልቧ ትርታ ጭራሽ ጎልቶ ተሰማው። ወደ እንጨት የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ይሉኝታም አንዳንዴ ይጠቅማል ማለት ነው።

አጠገቡ የአጥንት መጋዝ አለ። እጀታው ላይ የተቀረጸው ጌጥ ያምራል። ግን እዚያ ጌጥ መሃል የሚደርቀውን ደም አስቡት! እ.ኤ.አ. በ1846 ኢተር በሚባል ኬሚካል ታካሚን ማደንዘዝ በሰው ፊት ከመታየቱ በፊት ደግሞ የጎበዝ ቀዶ ሐኪም አንዱ መለኪያ ፍጥነት ነበር። እኔ መርፌ ሳይ የምገረጣው ሰውዬ እዚያ ጋ ብዙም አልቆምኩም።

የድሮ መጻሕፍቱን ገና አላየሁም። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ኢንቦክስ።