ቶርኔዶ ፍለጋ ላይመን ድረስ

ጓደኛዬ «ነገ ቶርኔዶ ልናይ እንሂድ» ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው ቤቴ በር ላይ ክላክስ አንጣጣብኝ። የኋላ ወንበር ላይ አንድ ፔርሙዝ ቡናና ሁለት የብስክሌት ሄልሜት አለ። «ሄልሜቱ ለምንድን ነው?» ስለው «ለበረዶው» አለኝ። ሳቅኩበት። መኪናው የሚስቱ ነው። የት እንደምንሄድ አልነገራትም።

ኢንተርስቴት 70ን ይዘን ወደ ምሥራቅ ወጣን። ተራሮቹ ከኋላ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሣር፣ አጥር፣ ስንዴ፣ ደግሞ ሣር። ሜዳ ነው ቢሉም ቆላ እንዳይመስላችሁ፤ የምንሄድባት ከተማ ላይመን ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት። ቶርኔዶን ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች። ጁን 1990 ላይ አንዱ መጥቶ መሐል ከተማዋን አፍርሶባታል።

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ለካ መጠበቅ ነው። ነዳጅ ማደያ ቆመን አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እሱ ስልኩ ላይ ራዳር ያያል፣ እኔ ቺፕስ እበላለሁ። ከደቡብ ምሥራቅ እርጥብ አየር ይመጣል፣ ከላይ ደግሞ ቀዝቃዛው ተራራውን ተሻግሮ ያልፋል፣ ሲደራረቡ ይፈነዳል እያለ ያስረዳኛል። የሚፈነዳ ነገር ግን የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ አንድ ደመና እንደ አበባ ጎመን ማበጥ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግማሹን ሰማይ ያዘው። ኮረኮንቹን ይዘን ተከተልነው።

ድንገት ከማሳው መሐል አቧራ ብድግ አለ። ትራክተር መስሎኝ ነበር። አቧራው መዞር ጀመረ፤ ከደመናው ሥር ደግሞ ቀጭን ገመድ የመሰለ ነገር ወረደለት። «ላንድስፓውት!» ብሎ ጮኸ። ይሄኛው ዓይነት ሽክርክሪቱ የሚጀምረው ከመሬት ነው። ሁለት ነፋሶች ሲጋጩ የተፈጠረችውን አዙሪት፣ በላይዋ የሚያድገው ደመና ወደ ላይ ይስባታል። ስትሳብ ትቀጥናለች፣ ስትቀጥን ትፈጥናለች።

ድምፁ እንደ ባቡር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ ከቆምንበት ግን የሚሰማው የሣሩ ሹክሹክታና የአንዲት ላም እምቧታ ብቻ ነበር። እናቴ የአቧራ አዙሪት ስታይ ታማትብ ነበር። እጄ ሳላዘው ግንባሬ ላይ ሄደ። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ገመዱ ሳሳ፣ ተበጠሰ፣ ጠፋ።

«በቃ?» አልኩት።

ጣ! ጣራው ላይ። መጀመሪያ አተር የሚያክል፣ ቀጥሎ እንቁላል የሚያክል በረዶ። ከዚህ በስተምሥራቅ በርሊንግተን አካባቢ በ2019 ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ወርዶ ያውቃል፤ ይህን የነገረኝ መኪናው እየተቀጠቀጠ ሳለ ነው። ሄልሜቴን አጠለቅኩ። የፊት መስታወቱ ከግራ ጥግ እስከ መሐል ተሰነጠቀ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ናት። «አንሳና ንገራት» አልኩት።

«አንተ ንገራት» ብሎ ስልኩን ጭኔ ላይ ጣለው።