ስምህን ተናገር

ትናንት ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለኝ ፍራሼን ግቢ አወጣሁ። የድሬ ሰው ያውቀዋል። ስልኬ ላይ የጀመርኩት ልብወለድ ነበር። ስጨርሰው የንጋት አዛን ይሰማ ነበር።

«ሴሜተሪ ቦይስ» ይባላል። ኤይደን ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2020 ለወጣቶች ያሳተመው ነው። ያድሪኤል የሚባል ልጅ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ መካነ መቃብር ግቢ ይኖራል። ዘመዶቹ ሙታንን ያያሉ፣ ያናግራሉ። ወንዶቹ የሟች መንፈስ ይሸኛሉ፤ ሴቶቹ ይፈውሳሉ። ያድሪኤል ሲወለድ ሴት ነው ተብሏል። እሱ ግን ወንድ ነው። የወንዶቹን ሥርዓት ሲከለክሉት ተደብቆ ራሱ ፈጸመው። ከዚያ የአንድ ዘመዱን መንፈስ ሲጠራ ሌላ ልጅ መጣበት። ሁሊያን። የትምህርት ቤቱ ረባሽ። አልሄድም ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱ ወንዶች ቀስ በቀስ ተዋደዱ።

ፍቅራቸው ደስ ይላል፤ አንዳንድ ቦታ ብቻዬን ሳቅሁ። የያዘኝ ግን ቤተሰቡ ነው። መንፈስ በቤታቸው ሲወጣ ሲገባ አይገርማቸውም። የተቀበረ ሰው ሲያወራ ያምኑታል። የገዛ ልጃቸው ስለ ራሱ የነገራቸውን ማመን ግን አቃታቸው። ደግሞ ይወዱታል። እዚህ ጋ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

የልጅነት ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ስሙን አልጽፍም። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 አለ፤ የሰፈር ወሬም አለ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ኦቾሎኒ እየበላን ነው የነገረኝ። ወንድ ነው የምወደው አለኝ። ገለባውን መሬት አይጥልም ነበር። አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ይሰበስባል። እያወራ መዳፉ ሞላ። እኔ «እሺ» ብቻ አልኩት።

ቤተሰቦቹ ሲሰሙ መንፈስ ነው የያዘው አሉ። ጸበል ወሰዱት። ሊወስዱት ዋዜማ እናቱ በራችን ላይ መጥታ «አንቺ፣ የምታውቂው ነገር አለ?» አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። «የለም» አልኳት።

መጽሐፉ ውስጥ ማሪትዛ የምትባል የያድሪኤል ዘመድ አለች። ሥርዓቱን ሲፈጽም አብራው ገባች። የሥርዓቱን ጩቤም በእጇ ቀጥቅጣ የሠራችለት እሷ ናት። እሷን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ «የለም» ያልኳት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ትመጣለች። ምንም ባልቀይር እንኳ፣ አውቀዋለሁ፣ ምንም አልያዘውም ማለት እችል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከስቶ መጣ። ያው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ብዙ አላወራም። «ስምህን ተናገር፣ ማነህ፣ እያሉ ይጮሁብኝ ነበር» አለኝ።

«ምን አልካቸው?»

«ስሜን ነዋ። ከነአባቴ ነገርኳቸው።»