ደስታዬን ስጠረጥር

ዛሬ ያለ ምክንያት ደስ ብሎኝ ነቃሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ ሰማዩ ጠርቷል፤ በሐምሌ እንዲህ ያለ ቅዳሜ ብዙ አይገኝም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ መጋረጃዎቹን አውርጄ አጠብኩ፤ መሳቢያ ውስጥ ተከማችቶ የከረመውን ደረሰኝና ወረቀት ለየሁ፤ ከዚያ ለአክስቴ ደውዬ ከወትሮዬ በላይ አወራኋት። «ዛሬ ምን ተገኘ?» አለችኝ። ምንም እንዳልተገኘ ነግሬአት ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው ግን ፍርሃት ያዘኝ። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሁ? ከትናንት ወዲያስ? እያወራሁ የአክስቴን ቃል እየነጠቅኩ ነበር እንዴ? ወረቀቱን የለየሁት ስለሚያስፈልግ ነው ወይስ እጄ አላርፍ ብሎ?

ቤታችንን የምታውቁ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ከታመመ ወዲህ በእኛ ቤት ከኀዘን ይልቅ ደስታ ይመረመራል። የያዘው ባይፖላር ነው፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ወደ ድባቴ ዝቅ የሚልበት፣ በቤተሰብ ውስጥም የሚሄድ ሕመም። የታማሚ እህት ወይም ወንድም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹ እንደማይያዙም አንብቤአለሁ። ሌሊት ላይ ግን የሚታወሰኝ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ወጣት ካሜራው ፊት ቆሞ የባይፖላር ምልክት ነው የሚለውን ይዘረዝራል። ስሜትሽ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል? ጠዋት ስቀሽ ማታ ታለቅሻለሽ? ገንዘብ ሳታስቢ ታወጫለሽ? ከሥሩ «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» ብላ ጽፋልኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም። ዓመቱ ለእሷ ክፉ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሕመሟ የውሸት ነው ብዬ ለቅጽበት እንኳ አላሰብኩም። የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ሸክሟ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ተጠቅልሎ በዚያው ሊቀር መቻሉ ነው። ስም ካገኙ በኋላ ፍለጋው ይቆማል። «ለካስ ይህ ነው» ሲሉ የሚመጣው እፎይታ ስሙ ትክክል ሆነም አልሆነም አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ እፎይታው ምንም አያረጋግጥም።

ስሜቱ የማይለዋወጥ ሰው የት አለ? ሐኪሞች የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው። ከፍታው ስንት ቀን ቆየ ይላሉ። ሃይፖማኒያ የሚባለው መለስተኛው ከፍታ ቢያንስ አራት ተከታታይ ቀን፣ ከባዱ ከፍታ ማኒያ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት የሚቆይ ወይም ሆስፒታል እስከመተኛት የሚያደርስ መሆን አለበት። ከራሱ ከሰውየው የቆየ ጠባይ የተለየ መሆኑም ይታያል። እንቅልፍን ሲጠይቁም ስንት ሰዓት ተኛህ ብቻ ብለው አያልፉም። እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ አድሮ የተሰባበረ ሰው አለ፤ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ምንም ሳይደክመው የሚነሣ ሰው አለ። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቪዲዮው ላይ ግን ሁለቱም «የእንቅልፍ ችግር» ተብለው አለፉ።

PHQ-9 የሚባለውን፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድባቴ መጠይቅም ሞልቼ አውቃለሁ። መጠይቁ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሲሆን በአማርኛም ተተርጉሟል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ ነበር። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሁሉ ታማሚ ተብሎ ቢቆጠር መጠይቁ ድባቴ ያለባቸውን አብዛኞቹን ሰዎች ያገኛቸዋል፤ ነገር ግን ከሌለባቸውም ሲሶ ያህሉን አብሮ ያፍሳል። ይህ የመጠይቁ ነውር አይደለም። የተሠራው በር ላይ ቆሞ «አንተ ግባና ተመርመር» እንዲል ነው፤ ውስጥ ያለው ሥራ የሌላ ሰው ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ደም ማነስም ያመጣቸዋል፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲዛባም ይመጣሉ፤ ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ። ለዚህ ነው በደንብ የሚመረምር የአእምሮ ሐኪም ደም አስወስዶ የሚያየው፣ የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ንገሪኝ የሚለው።

ከሁሉ በላይ ግን ከዘጠኙ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ከፍታ የሚጠይቅ አንድም የለም። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ድባቴ ይወጣለት ነበር።

እሱም ለራሱ ያወጣለት ስም ይኸው ነበር፤ «ድባቴ ነው፣ አንብቤዋለሁ» ይል ነበር። አንብቦም ነበር። ከአልጋ አይነሣም፣ አይታጠብም፣ ሰው አያናግርም። አንድ ዘመዳችን ለራስ ምታት ታዝዞላቸው የተረፈ፣ ለድባቴም የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ሰጥተውት ማታ ማታ ይወስድ ጀመር፤ ሲያልቅ ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት አላጣም። ሐኪም ዘንድ የሄድነው እናቴ አልቅሳ ለምናው ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ለረጅም ጊዜ እሱን ብቻ ስታናግር ቆየች፤ እሱም በአጭር በአጭሩ መለሰላት። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቴ አዞረች።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ትንሽ ተኝቶ የማይደክመው፣ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ንቁ ሆኖ ያዩበት ወቅት ነበር?»

የእናቴ ፊት በራ። «አዎ ልጄ! አምና ፋሲካ አካባቢ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ስነሣ የኩሽናውን ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ነበር የማገኘው። ጠዋትም አይደክመው። ከዚያም ከዚህም ተበድሮ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ገዛ፤ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሥራ እሰጣለሁ አለ። እኔማ ልጄ ሊያልፍለት ነው ብዬ ለገብርኤል የተሳልኩትን ስለት አስገባሁ።»

ሐኪሟ መጻፍ አቆመች። ንግግሩስ ይፈጥን ነበር? የሚቆጣበት ጊዜ ነበር? ስንት ቀን ቆየ? የማሽኑ ዕዳ ተከፈለ? እናቴ መልስ በሰጠች ቁጥር ድምጿ እየወረደ መጣ። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ገብቷታል። ወንድሜ እግሩ ሥር ያለውን ወለል እያየ «ያኔ እኮ ደህና ነበርኩ» አለ።

ይህን ቃሉን ነው መርሳት ያቃተኝ። ስለ ምርመራ ሲወራ መቼም የሚነገረው መልስ ማግኘት፣ መገላገል ነው። ወንድሜ ግን በዚያን ቀን የሕይወቱን ምርጥ ወር ካርዱ ላይ ተጽፎ አየው። የዚያ ፋሲካ ብርታት፣ የዚያ ሁሉ እቅድ፣ ሰዎች በአድናቆት ያዩት ጊዜ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ሕመም ሆነ። የትኛው ሰው ነው ይህን በገዛ ራሱ ላይ የሚፈርደው? ራሱን የሚመረምር ሰው የሚፈልገው የሚያመውን ቦታ ነው። ያላመመውን፣ እንዲያውም የጣመውን ጊዜ አንሥቶ «ይህም ከሕመሙ ነው» ለማለት ከውጭ የሚያይ ሰው ይጠይቃል። ባይፖላር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ትክክለኛው ስም እስኪገኝላቸው ዓመታት የሚያልፉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ሲወርዱ ነው፤ ሲወጡማ ማን ሆስፒታል ይሄዳል?

ስለ አሚትሪፕቲሊኑም ነገረችን። ባይፖላር ያለበት ሰው ስሜት የሚያረጋጋ ሌላ መድኃኒት ሳይኖረው የድባቴ መድኃኒት ብቻ ቢወስድ ወደ ማኒያ ሊያወጣው ይችላል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ደግሞ ይህ ክኒን የልብን ምት ያዛባል፤ ሰው ይገድላል። እናቴ ቤት እንደገባች የቀረውን ከመሳቢያው አውጥታ በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። በቅንነት የተሰጠ ክኒን ነበር። ዘመዳችንን አንድም ቀን ወቅሰናቸው አናውቅም።

ራሱን የሚመረምርን ሰው መውቀስም አይሆንልኝም። አገራችን ሁሉ ራሱን መርምሮ የሚኖር ነው፤ ጨጓራዬ ነው፣ ብርድ ነው፣ ምች መትቶኝ ነው ብለን ነው ያደግነው። የአእምሮ ሲሆን ደግሞ በሩ ራሱ ያስፈራል። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስንቱ እዚያ ድኖ እንደወጣ ሳይነገር ስሙ መሰዳደቢያ ሆኖ ቀረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ባሕር ማዶ መማር ነበረባቸው። ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በጤና ጣቢያም ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ይገኛሉ። ያም ሆኖ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሐኪሞቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ወረፋውን፣ ክፍያውን፣ ጎረቤት ያየኝ ይሆን የሚለውን ስጋት የፈራ ሰው ስልኩን ቢከፍት ምን ይደንቃል? «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» ማለት ዝም ከማለት ይሻላል። ለባልደረባዬም የምጽፍላት ይህንኑ ይሆናል፤ የጻፍሽውን ይዘሽ እንሂድ፣ ቪዲዮውንም አሳዪአቸው፣ እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።

ለእሷ ይህን ማለት ቀላል ነው። ለራሴስ?

ደብተር አለኝ፤ የተኛሁበትን ሰዓት የምጽፍበት። ደስ ባለኝ ቀን ዳር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አራት ቀን ሲሞላ ምን አደርግ ይሆን እያልኩ ሦስተኛው ቀን ላይ በስጋት እንቅልፍ አጣለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ ያጣሁት ከሕመም ይሁን ከደብተሩ አላውቅም። ራስን በራስ መመርመር አጉል ስም መስጠቱ ብቻ አይደለም ክፋቱ፤ የሚመረመረውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል። እኔ ደስታዬን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ደስታዬ እንደ ድሮው ሆኖ አልመጣም። ስለዚህ መሄድ አለብኝ። ይህን ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። ምናልባት «ምንም የለብሽም፣ የፈራሽ እህት ነሽ» ይሉኛል፤ እሱም ቢሆን ከሐኪም አፍ የሚሰማ ነገር ነው።

የሚያቆመኝ አንድ ነገር ነው። ሐኪሟ ወንበሯን አዙራ የምትጠይቀው ሰው ያስፈልጋል። እኔ ስለ ራሴ የምናገረው አንብቤ የጨረስኩትን ነው፤ ምልክቱንም፣ ቀኑንም፣ የሚጠበቀውንም መልስ አውቃለሁ፤ እንዲህ ከሆነ በኋላ ምስክርነቴ ብዙ አይረባም። ያየኝ ሰው መናገር አለበት። እናቴ የለችም። የምኖረው ብቻዬን ነው። አክስቴ የምታውቀኝ በስልክ ነው። ከልጅነቴ እስከ ዛሬ ከፍታዬንም ዝቅታዬንም አጠገቤ ሆኖ ያየ አንድ ሰው ቢኖር ወንድሜ ነው።

አሁን ደህና ነው። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ጸበሉንም አልተወም፣ ሥራው ላይ ነው። ብለምነው ሳያንገራግር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ እኔ ያንን ጥያቄ ሲጠየቅ ምን ይሰማው ይሆን? ከእኔ ጋር ስለሳቀበት ስለ የትኛው ጊዜ ይናገራል? ሐኪሟ መጻፍ ብታቆምስ? «ከእኔ ነው የመጣባት» ብሎ ቢያስብ፣ ነገሩ በደም የወረድን የሁለታችንም እንጂ የእሱ እንዳልሆነ እንዴት አድርጌ አስረዳዋለሁ?

ነገ እሑድ ነው፤ ለምሳ ይመጣል። ልንገረው ይሆን?